ጌይኑን ከመንካታችሁ በፊት፦ የአክሲስ ፍጥነትና የሰርቮ አውትፑት አንድ ላይ እንዴት ይታያሉ?

ጅማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤቶች ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቆርጥ ማሽን) ማስገባት ከጀመሩ ወዲህ የሚደወልልኝ ስልክ ተመሳሳይ ሆኗል። "ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ መጥተህ ጌይኑን አስተካክልልን።" ጌይን የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰርቮው ስህተትን ለማረም ምን ያህል አጥብቆ እንደሚመልስ የሚወስነው ቁጥር ነው። እኔ ግን ጌይን ለመንካት አልቸኩልም። መጀመሪያ የአክሲሱን (ማሽኑ ከሚንቀሳቀስባቸው መስመሮች የአንዱን፤ የኤክስን፣ የዋይን ወይም የዚን) ፍጥነትና የሰርቮውን አውትፑት አንድ ስክሪን ላይ አወጣለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ጌይን ሆኖ አይገኝም።

ሰርቮ፣ ማለትም ሞተሩና እሱን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቭ የሚባለው ሳጥን፣ ችግር ይደብቃል። ሥራው ራሱ እሱ ነው። ኩሽኔታው ደርቆ ቢከብደው፣ ሀዲዱ በሰጋቱራ ቢታፈን፣ ተጨማሪ ከረንት ወስዶ የታዘዘውን ፍጥነት ይጠብቃል። ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ የተሸከመ ሰው ባዶ እጁን ከሚሄድ ሰው እኩል ሲራመድ ብታዩ፣ ከእርምጃው ድካሙን አታውቁም። ላቡን ማየት አለባችሁ። አውትፑት ማለት ላቡ ነው። እሱን የሚያይ ከሌለ ማሽኑ ወራት ሙሉ "ደህና" ይሠራል። አንድ ጠዋት ድራይቩ ኦቨርሎድ ብሎ ይቆማል። "ትናንት እኮ ምንም አልነበረውም" ይባላል። ትናንትም ነበረው።

ይህን የምጽፈው ፓኔል ከፍቶ ለሚያውቅ፣ ቴስተር ለመያዝ እጁ ለማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። ምሳሌዎቼ ከእንጨት ራውተር ናቸው፤ ውሎዬ እሱ ስለሆነ። አሠራሩ ግን ለብረት ማሽንም፣ የተፈጨ ቡና በሰርቮ እየመዘነ ለሚያሽግ ማሽንም ያው ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለው ፍጥነት የማን ነው?

መቆጣጠሪያው ላይ 6000 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። በደቂቃ 6000 ሚሊሜትር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ትዕዛዙ ነው። አክሲሱ በእርግጥ በዚያ ፍጥነት መሄዱን አይነግራችሁም።

እውነተኛውን ፍጥነት የሚያውቀው ሞተሩ ጀርባ ላይ ሆኖ ዙሩን የሚቆጥረው ኢንኮደር ነው። ስለዚህ የኢንኮደሩ ገመድ የት እንደሚገባ አጣሩ። ማሽኑን አጥፉና ከሞተሩ ተነስታችሁ ገመዱን በእጃችሁ ተከተሉት። ድራይቩ ላይ ገብቶ እዚያው ከቀረ፣ ከመቆጣጠሪያው የሚመጣውም ፐልስና አቅጣጫ (ይህን ያህል እርምጃ፣ በዚህ በኩል የሚል ምልክት) ብቻ ከሆነ፣ መቆጣጠሪያው ስለ እውነተኛው ፍጥነት የሚያውቀው ነገር የለም። አዝዞ ዞር ይላል። እኔ የማገኛቸው ርካሽ ራውተሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። እነሱ ላይ ማየት ያለባችሁ ድራይቩ ውስጥ ነው።

ገመዱ ከድራይቩ አልፎ ወደ መቆጣጠሪያው ከተመለሰ ግን ቦታውን እያየ የሚያርመው መቆጣጠሪያው ራሱ ነው። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ፣ በተለይ አሮጌ ከሆነ፣ ወደ ድራይቩ የሚሄደው ሲግናል ከማይነስ 10 እስከ ፕላስ 10 ቮልት ነው።

አውትፑት ሲባልም ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የመቆጣጠሪያው አውትፑት ነው፤ ድራይቩን "በዚህ ፍጥነት ሂድ" የሚለው ቮልት። እሱ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ሁለተኛው ድራይቩ ለሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ቶርክ በሉት፣ ከረንት በሉት፤ ከሞተሩ ሬትድ ቶርክ (ሳይቋረጥ ሊሰጥ ከሚችለው ጉልበት) በመቶኛ ይጻፋል። እሱ የሚከተለው ሸክሙንና የፍጥነቱን ለውጥ ነው። ማሽኑ መክበዱን የሚናገረው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የሚናገረው መቆጣጠሪያውና ድራይቩ መግባባታቸውን ነው። የትኛውን እያያችሁ እንደሆነ ሳታውቁ ስለ አውትፑት አትከራከሩ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ

ገመድ ከመሰካታችሁ በፊት ምን ቁጥር እንደምትጠብቁ አስሉ። የሚጠብቀውን የማያውቅ ሰው ስክሪን ላይ ያየው ሁሉ ልክ ይመስለዋል።

ኢንኮደሩ 2500 መስመር አለው እንበል። የሁለቱም ሲግናሎች መውጫና መውረጃ ስለሚቆጠር በአንድ ዙር 10,000 ቆጠራ ይሆናል። ቦል ስክሩ (እየዞረ አክሲሱን የሚገፋው ረጅም ብሎን) በአንድ ዙር 10 ሚሊሜትር ይገፋል። ሞተሩ ከስክሩ ጋር በቀጥታ ከተያያዘ 1 ሚሊሜትር 1000 ቆጠራ ነው። በደቂቃ 6000 ሚሊሜትር ማለት በሴኮንድ 100 ሚሊሜትር ነው። በስክሩ ሲካፈል በሴኮንድ 10 ዙር፣ በደቂቃ 600 ዙር። ድራይቩ ላይ 10 ቮልት ማለት 3000 ዙር ተብሎ ከተሞላ የምትጠብቁት 2 ቮልት ነው። በመካከል ቺንጋ ወይም ማርሽ ካለ ሬሾውን አባዙበት።

አሁን ስትለኩ 2.3 ቮልት አገኛችሁ እንበል። አክሲሱ ደግሞ በትክክል 100 ሚሊሜትር በሴኮንድ እየሄደ ነው። ይህ የጌይን ጥያቄ አይደለም። ድራይቩ ቮልቱን ወደ ዙር የሚቀይርበት ፓራሜትር ከመቆጣጠሪያው ጋር አልተስማማም። መቆጣጠሪያው በየጊዜው 0.3 ቮልት ከኪሱ እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። እሱን ሳታስተካክሉ ሌላ ነገር ብትነኩ በላዩ ላይ እየገነባችሁ ነው።

ስሌቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በፓኔሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በናስትሮ ለጥፉት። ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ይመርቃችኋል።

እጃችሁን ጠብቁ

ባለ 220 ቮልት ድራይቭ ውስጥ ያለው ዲሲ 310 ቮልት ገደማ ነው። ብሬከሩን ብታወርዱም ካፓሲተሩ ይዞት ይቆያል። ድራይቩ ላይ ያለው የቻርጅ መብራት እስኪጠፋና ማኑዋሉ የሚለው ደቂቃ እስኪያልፍ ጠብቁ። ወደ ሞተሩ በሚሄዱት ሦስት ፌዞች ላይ ተራ ኦሲሎስኮፕ አትሰኩ። የስኮፑ የግራውንድ መቆንጠጫ ከሶኬቱ ኧርዝ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስኮፑም ድራይቩም ይሄዳሉ። የምንለካው የሲግናል ሶኬቱ ላይ ብቻ ነው።

ሙከራውን ያለ እንጨትና ያለ መቁረጫ ሥሩ። ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያዞረውን ሞተር) ከፍ አድርጉት። ኢመርጀንሲውን አንድ ጊዜ ተጭናችሁ በእርግጥ እንደሚያቆም አረጋግጡ። ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄደው ዚ አክሲስ ላይ ደግሞ የሞተሩ ፍሬን እንዳለና እንደሚይዝ እዩ። ጅማ ላይ መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው። ፍሬን የሌለው ዚ መብራት ሲሄድ ወርዶ ጠረጴዛ ይመታል። ከሥሩ እጅ ካለ እጅ ይመታል።

በምን ይታያል?

ሦስት መንገድ አለ፤ የትኛውን እንደምትይዙ የሚወስነው ማሽኑ ነው።

ድራይቩ የራሱ ሶፍትዌር ካለው እሱን ያዙ። ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። በዩኤስቢ ይገናኛል፣ መስመሮቹን ቀድቶ የሚያሳይ ትሬስ ወይም ስኮፕ የሚል ገጽ አለው። የታዘዘ ፍጥነት፣ እውነተኛ ፍጥነት፣ ቶርክ ብላችሁ ምረጡ። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ተጠቀሙ። ቻርጀሩ እንደተሰካ ስፒንድሉ ሲነሳ ዩኤስቢው የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማሽኑ ሊነክስ ሲኤንሲ በሚባለው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ መሣሪያው ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ አለ። ሃልስኮፕ ይባላል። አራት ቻናል ይበቃችኋል፤ የታዘዘው ፍጥነት፣ ኢንኮደሩ የሰጠው ፍጥነት፣ የፒአይዲው (ስህተቱን እያየ ትዕዛዙን የሚያርመው ስሌት) አውትፑት፣ የቦታው ስህተት (በታዘዘውና በደረሰበት ቦታ መካከል ያለው ልዩነት)። ትሪገሩን በታዘዘው ፍጥነት ላይ አድርጉት፤ እንቅስቃሴ ሲጀምር ራሱ ይቀዳል። ቻናል በጨመራችሁ ቁጥር የምትቀዱት ጊዜ ያጥራል፤ ስለዚህ "ለማንኛውም ይኑር" ብላችሁ አሥር ነገር አትጨምሩ።

ሦስተኛው መንገድ ምንም ሶፍትዌር ለሌለው ነው፤ የድራይቩ ትንሽ ማሳያና ቴስተር። ማሳያውን ወደ ሞኒተር ቀይሩት። የሞተሩን ዙርና ቶርኩን በመቶኛ ያሳያል። ብዙ ድራይቮች ሁለት አናሎግ ሞኒተር ማውጫም አላቸው። ለምሳሌ ያስካዋ ሲግማ ፋይቭ ላይ ማንም ካልቀየረው አንዱ ለ1000 ዙር 1 ቮልት፣ ሌላው ለ100 በመቶ ቶርክ 1 ቮልት ይሰጣል። በሌላ ድራይቭ ላይ ልኩን ከማኑዋሉ ተመልከቱ።

ቴስተር ስትጠቀሙ አንድ ነገር አትርሱ። ቴስተር ቀርፋፋ ነው። በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያነበው፤ እሱንም አማካዩን። አክሲሱ ቆሞ አውትፑቱ በፕላስና በማይነስ እየተወናጨፈ ቢሆን ዲሲ ላይ ዜሮ ያሳያችኋል። ወደ ኤሲ ቮልት ቀይሩትና እዩ። ዜሮ መሆን ሲገባው ቁጥር ከሰጠ የሚርገበገብ ነገር አለ።

የሙከራ ጉዞ

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጉዞ ተጠቀሙ። የኔ ፕሮግራም አጭር ነው። በጂ1 400 ሚሊሜትር ሂድ፣ በጂ4 ግማሽ ሴኮንድ ቁም፣ ተመለስ፣ ቁም። አንዴ በ3000፣ አንዴ በ6000።

ጂ4 ላይ ተጠንቀቁ። ፋኑክ በሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ የመቆሚያውን ጊዜ ፒ 500 ብላችሁ ከጻፋችሁ ግማሽ ሴኮንድ ነው፤ ሊነክስ ሲኤንሲ ላይ ግን ፒ የሚቆጠረው በሴኮንድ ነው። 500 ሴኮንድ ማለት ስምንት ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው። ማሽኑ ተበላሸ ብለው ሰዎች የሚደውሉት በዚህም ነው።

አክሲሱ በየሴኮንዱ 500 ሚሊሜትር በሴኮንድ እየጨመረ የሚፈጥን ከሆነ 100 ሚሊሜትር በሴኮንድ ለመድረስ 0.2 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ የሚሄደው 10 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለመቆምም ሌላ 10። የቀረው 380 ሚሊሜትር በእኩል ፍጥነት የሚሄድበት ነው። የምንፈልገው እሱን ነው። ጉዞውን አሳጥራችሁ 20 ሚሊሜትር ብታደርጉት ማፍጠንና ማቀዝቀዝ ብቻ አይታችሁ ትጨርሳላችሁ።

ከመለካታችሁ በፊት ማሽኑን ትንሽ አሙቁት። ግራሶ ጠዋት ላይ ወፍራም ነው። ጠዋት የተለካን ማሽን ከሰዓት ከተለካ ጋር ማወዳደር ራስን ማታለል ነው።

ምን ታያላችሁ?

የፍጥነቱ መስመር መውጫ፣ ሜዳ፣ መውረጃ አለው። ቶርኩ ደግሞ ሲነሳ ይዘላል፣ ሜዳው ላይ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ሲቆም ወደ ተቃራኒው ይዘላል። በመነሻውና በመቆሚያው ላይ ያለው ዝላይ አያስደንግጣችሁ። ድራይቮች ለአጭር ጊዜ ከሬትዱ እጥፍና ከዚያም በላይ እንዲሰጡ ነው የተሠሩት። ዓይናችሁን ሜዳው ላይ አሳርፉ። እዚያ ፍጥነቱ ስለማይለወጥ ሞተሩ የሚታገለው ከሰበቃ ጋር ብቻ ነው። ሰበቃው ደግሞ የማሽኑ ጤና ነው።

ጤነኛ ማሽን ላይ ሜዳው ዝቅ ያለና ቀጥ ያለ ነው። ሲሄድና ሲመለስም ይቀራረባል። ሲሄድ ፕላስ 16፣ ሲመለስ ማይነስ 14 ካገኛችሁ ሰበቃው 15 በመቶ ነው፤ አንዷ በመቶ የዜሮ መዛነፍ ናት። ደህና ነው።

አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ቅሬታው የተለመደው ነበር፤ "ኤክስ ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙ ላይ ጥርስ ይተዋል።" ከኔ በፊት የሄደ ሰው ጌይኑን ቀንሶት ነበር፤ ጥርሱ ግን አልጠፋም። ትሬሱን አወጣሁ። የፍጥነቱ መስመር ሜዳ ላይ ቀጥ ያለ ነው። ቶርኩ 15 በመቶ ገደማ ይሄድና 300 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ ወደ 34 ይወጣል። ከ360 በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። ሲመለስም እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ያደርጋል። ኦፕሬተሯን "እዚህ ጋ ምንድን ነው የምትሠሩት?" አልኳት። "የወንበር መደገፊያ ነዋ፤ መቆንጠጫው እዚያ ስለሆነ ሁሌም እዚያ ነው የምናስረው" አለችኝ።

የሀዲዱን ሽፋን አነሳነው። ያን ቦታ ብቻ የዋንዛ ዱቄትና ግራሶ ተቦክቶ ደርቋል። በካቻቪቴ ጫፍ ስነካው እንደ ቅርፊት ተነሳ። ባለቤቱ ከጎኔ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።"

"ታዲያ የምኑ ነው ልጄ?"

"የሀዲዱ ነው። መጽዳት ነው ያለበት።"

"ለዚህ ነው እንግዲህ ሞተር ላስመጣ የነበረው?"

ሀዲዱ ከጸዳ፣ ግራሶውም ከተቀየረ በኋላ መስመሩ ዳር እስከ ዳር ተስተካከለ። የተቀነሰውን ጌይን ወደ ቦታው መለስኩት።

ከዚህ የምትወስዱት ነገር፣ ከፍጥነትና ከቶርክ ጋር ቦታውንም አብራችሁ ቅዱ። ቶርኩ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ከወጣ ችግሩ እዚያ ቦታ ላይ ነው። በየ10 ሚሊሜትሩ የሚደጋገም ሞገድ ከሆነ ደግሞ ስክሩ በዞረ ቁጥር የሚመጣ ነገር ነው፤ የጎበጠ ስክሩ ወይም ከሞተሩ ጋር ቀጥ ብሎ ያልታሰረ ከፕሊንግ (ማያያዣ)። በመካከል ቺንጋ ካለ የሞተሩን ዙርና የስክሩን ዙር ለይታችሁ አስሉ፤ ሞገዱ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ሲታወቅ ጥፋተኛው ይታወቃል።

በሁለቱ ፍጥነቶች የተገኘውን ሜዳ አወዳድሩ። በ3000ም በ6000ም ተቀራራቢ ከሆነ ደረቅ ሰበቃ ነው። በ6000 በጣም ከጨመረ ግራሶው ወፍራም ነው። የመኪና ጎማ ግራሶ የተሞላበት ቦል ስክሩ አጋጥሞኛል፤ "ያው ግራሶ አይደል?" አሉኝ። አይደለም።

ዚ አክሲስ ላይ ሒሳቡ ይለያል፤ ክብደት አለ። ሲወጣ 45፣ ሲወርድ በዚያው አቅጣጫ 10 በመቶ ብታገኙ ተጨንቃችሁ ጌይን አትፈልጉ። ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ 27.5፤ እሱ የስፒንድሉ ክብደት ነው። ቀንሳችሁ ለሁለት ስታካፍሉ 17.5፤ እሱ ሰበቃው ነው። ክብደቱን የሚደግፍ የጋዝ ሲሊንደር ያለው ማሽን ላይ የመጀመሪያው ቁጥር በጊዜ ብዛት ከጨመረ ጋዙ እየወጣ ነው።

አሁን ወደ ቆመው አክሲስ እንምጣ። ፍጥነት ዜሮ፣ ማሽኑ ግን ዝም አላለም፤ እያንጎራጎረ ይጮኻል። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ እኩል እኩል እየተመላለሰ ከሆነ የእውነት መርገብገብ ነው። በ100 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቁጠሩ። 12 ከሆነ 120 ኸርዝ ነው። እዚህ ላይ ጌይን መቀነስ ወይም የድራይቩን ኖች ፊልተር (አንድን ድግግሞሽ ብቻ የሚያፍነውን) በዚያ ቁጥር መሙላት ትክክል ነው። ሥርዓት የሌለው፣ እዚህም እዚያም የሚዘል ሹል መስመር ከሆነ ግን ኖይዝ ነው። የስፒንድሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ኢንቨርተር አጥፉትና እዩ። ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። የኢንኮደሩ ገመድ ከስፒንድሉ ገመድ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ መሻገር ካለበት መስቀልኛ ይሻገር። የገመዱ መከለያ ሽቦ (ሺልዱ) በድራይቩ በኩል ከኧርዝ ጋር በደንብ ይታሰር። ኧርዙም ኧርዝ መሆኑን አረጋግጡ፤ አረንጓዴውን ገመድ ተከትዬ ሄጄ መጨረሻው ግድግዳ ውስጥ ተቆርጦ ያገኘሁበት ቤት አለ።

በዚህ አጋጣሚ፣ የፍጥነቱ መስመር ራሱ ሣር የበቀለበት ቢመስል አትደንግጡ። መቆጣጠሪያው በየ1 ሚሊሴኮንዱ ቆጠራውን ያያል። አንድ ቆጠራ ሲለወጥ ያ ማለት በሴኮንድ 1000 ቆጠራ ነው። በኛ ምሳሌ 1 ሚሊሜትር በሴኮንድ፣ በደቂቃ 60 ሚሊሜትር። ስለዚህ ፍጥነቱ በየ60ው እየዘለለ ነው የሚታየው። አክሲሱ አልዘለለም፤ መቁጠሪያው ነው ሸካራው። ለዓይናችሁ አማካይ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ግን ፍጥነቱን ብቻ አለስልሳችሁ ቶርኩን ጥሬውን ከተዋችሁት ፍጥነቱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ቶርኩ ቀድሞ የሄደ ይመስላችኋል። ሁለቱንም እኩል አለስልሱ።

ሌላው የምታገኙት ነገር ጣሪያ ነው። የታዘዘው ፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል፣ እውነተኛው ወደ ኋላ ይቀራል፣ አውትፑቱ ደግሞ አንድ ቁጥር ላይ ደርሶ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ያለውን ሁሉ ሰጥቷል። ጌይን ብትጨምሩ ከየት ያምጣ? ወይ ማፍጠኛውን ቀንሱ፣ ወይ የሚይዘውን ነገር ፈልጉ፣ ወይ መብራቱን እዩ። መብራቱ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ጎረቤት መላጊያ ማሽን ሲነሳ 220 የነበረው ወደ 180 ከወረደ ድራይቩ ውስጥ ያለው 310 ወደ 255 ይወርዳል። ሞተሩም በከፍተኛ ዙር የሚሰጠው ጉልበት አብሮ ይወርዳል። ድራይቩ የዲሲውን ቮልት የሚያሳይ ሞኒተር አለው፤ እሱን ከቶርኩ ጋር አብራችሁ ቅዱ። አንዳንድ ቤት ችግሩ ማታ ማታ ብቻ የሚመጣው በዚህ ነው።

ስክሪኑ የማያሳያችሁም ነገር አለ። ኢንኮደሩ ሞተሩ ጀርባ ላይ ነው። ከሞተሩ ወዲያ ያለውን አያይም። የላላ ከፕሊንግ፣ የተበላ የስክሩ ዳዶ፣ የረገበ ቺንጋ ካለ ሞተሩ በትክክል ይሄዳል፤ ጠረጴዛው ነው የማይሄደው። ፍንጩ አቅጣጫ በሚቀየርበት ቅጽበት ላይ ነው፤ ቶርኩ ለአፍታ ይወድቅና እንደገና ይይዛል። እሱን ካያችሁ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካውን ባለ ቀስት መለኪያ) አውጡና ጠረጴዛው ላይ ለኩ።

እና ጌይን መቼ ይነካል?

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ። ምልክቱም የቦታው ስህተት ነው። ፊድፎርዋርድ (ስህተት ሳይጠብቅ ከታዘዘው ፍጥነት ተነስቶ አስቀድሞ የሚሰጥ አውትፑት) በሌለው ማሽን ላይ አክሲሱ ከትዕዛዙ ወደ ኋላ መቅረቱ ተፈጥሮው ነው። ፍጥነቱን በጌይኑ አካፍሉት። 100 ሚሊሜትር በሴኮንድ፣ ጌይኑ 50፤ 2 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ስህተቱም በእጥፍ ቢጨምር ማሽኑ አልታመመም። የኤክስና የዋይ ጌይን ካልተመሳሰሉ ግን ክብ ስትቆርጡ በሰያፍ የተጎተተ እንቁላል ይወጣል። ያን ጊዜ ጌይን ትነካላችሁ፤ ሁለቱን አክሲሶች ታመሳስላላችሁ። ስህተቱን ራሱን ለመቀነስ ጌይኑን ከማናር የፍጥነት ፊድፎርዋርድ መጨመር ይሻላል። በቮልት በሚታዘዝ ድራይቭ ላይ ያ 2 ቮልት በትክክል ከተሞላ ፊድፎርዋርዱ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፤ ለፒአይዲው የሚቀርለት ጥቂት ነው።

ስትነኩም በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ፣ በ10 በመቶ ያህል። ከእያንዳንዱ በኋላ ያንኑ ጉዞ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ቦታ ድገሙና ትሬሱን ከፊተኛው ጋር አነባብሩት። አክሲሱ ቆሞ አውትፑቱ መርገብገብ ሲጀምር ጣሪያው ደርሷል፤ ከዚያ 20 ወይም 30 በመቶ ወደ ኋላ ተመለሱ። ማሽኑ ሲሞቅና እንጨት ሲጫንበት የሚለወጥ ነገር አለ፤ ለሱ ቦታ ተዉለት።

የድሮውን ፓራሜትር ሳታስቀምጡ አዲስ አትጻፉ። ፋይሉ ላይ ቀኑንና የማሽኑን ስም ጻፉ። ለባለቤቱ በፍላሽ ስጡት፣ አንድ ኮፒ እናንተ ጋ ይቅር። የሜዳውን ቶርክም ለእያንዳንዱ አክሲስ በሁለቱም አቅጣጫ በዚያች ናስትሮ በያዛት ወረቀት ላይ ከስሌቱ ሥር ጨምሩት። በሚቀጥለው ሰርቪስ መጀመሪያ የምታነቡት እሱን ነው።